ቤቱ ከመሸጡ በፊት፦ ለህክምና ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ ላሰባችሁ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት። አሁን ባያስፈልጋችሁም ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ እንዲህ ዓይነት ምክር የሚያስፈልግበት ቀን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከቁስቋም ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ አንድ ፒክአፕ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አየሁ። ጎኑ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ያለበት ባነር ተወጥሯል። ድምጽ ማጉያው «ወገኖቼ፣ ይህ ወንድማችሁ ውጭ ሀገር ሄዶ እንዲታከም እጃችሁን ዘርጉ» ይላል። ከፎቶው ስር የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል፤ ከእሱ ስር ደግሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። አዲስ አበባ የምትኖሩ ሁላችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። የቻልኩትን ጣል አድርጌ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩት።

በሽታው ምን እንደሆነ ይናገራል። የትኛው ህክምና እንደሚያስፈልገው፣ ያ ህክምና እዚህ ይኑር አይኑር፣ ቢታከም ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ግን ከሚታየው ክፍል ላይ አላገኘሁም። ልጁን አላውቀውም፤ መሄዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚያ ቆሜ ግን ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የራሴ ጥፋት ነው

ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ አንድ አባት የ12 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ልቧን ሳዳምጠው ጤናማ ያልሆነ ድምጽ አለው። በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ከሌሊት ተረኝነት ነበር የቀጠልኩት። «ይሄ የልብ በር ችግር ነው አባባ፤ እንዲህ ያለው እንኳን ውጭ ሀገር ቢታከም ነው የሚሻለው» አልኳቸውና የሪፈር ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ሁለት በሬ ሸጠው ነበር። ወረቀቱን ይዘው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ ፈንታ፣ ከአፌ የወጣችውን አንዷን ቃል ይዘው ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሯሯጡ ከርመዋል። በኋላ ልጅቷ አዲስ አበባ በልብ ስፔሻሊስት ታየች፤ ለጊዜው ኦፕሬሽን አያስፈልጋትም ተባለ። በየወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊን እና ክትትል ታዘዘላት። እኔ በግማሽ ደቂቃ የተናገርኩት ነገር የአንድን ገበሬ የእርሻ ዘመን በላው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ውጭ ሀገር» የሚለውን ቃል ሳልጠየቅና ሳላረጋግጥ ከአፌ አላወጣም።

ሁለተኛው የሰፈሬ ሰው ናቸው

ቤተሰባቸው ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ቁስቋም አካባቢ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። የሽሮ ሜዳን ገበያ የምታውቁ ከሆነ፣ እዚያ ከሚሰቀለው ጥበብ የተወሰነው ከእሳቸው እጅ የወጣ ነበር ብትባሉ አትገረሙም። ጋሼ ነው የምላቸው።

መስከረም ላይ አንድ ማታ ትልቋ ልጃቸው ፌስታል ሙሉ ወረቀትና ፊልም ይዛ ቤቴ መጣች። «ዶክተር፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው። ገዢም አግኝተናል። እስቲ አንተም እየው ብለን ነው» አለችኝ። ኤጀንቱ የላከላቸው የዋጋ ግምት 18 ሺህ ዶላር ይላል። ከዚያ የአውሮፕላኑ፣ የሁለት አስታማሚ ማረፊያና ምግብ ለብቻ።

ሲቲ ስካኑን ሪፖርት አነበብኩት። ቆሽታቸው ላይ እብጠት አለ፤ የሐሞት መውረጃውን ስለዘጋው ነው ዓይናቸው ቢጫ የሆነው፣ ሰውነታቸውንም የሚያሳክካቸው። ከባዱ ነገር ከታች በኩል ነበር የተጻፈው፤ ጉበታቸው ላይ ብዙ ቦታ ተሰራጭቷል። የናሙና ውጤቱም ካንሰር መሆኑን ያረጋግጣል።

«ጋሼ ይሄን ያውቃሉ?» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም! ሐሞት ጠጠር ነው ያልናቸው። ከነገርናቸው በድንጋጤ ይሞቱብናል።»

ይሄ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በእኛ ሀገር መጥፎ ዜና ለታማሚው አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። የምናደርገው በፍቅር ነው። ግን ልብ በሉ፤ የሰውየው ቤት ሊሸጥ ነው፣ የሰውየው ሰውነት በአውሮፕላን ሊጓዝ ነው፣ የማያውቁት ሀገር ሄደው በማያውቁት ቋንቋ ሊታከሙ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን እንደሚሄዱ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት። የቆሽት ካንሰር ወደ ጉበት ከተሰራጨ በኋላ በኦፕሬሽን የሚያድነው ሀገር የለም። ዴልሂም፣ ባንኮክም፣ ለንደንም። ኬሞቴራፒ ዕድሜን በወራት ሊያራዝም ይችላል፤ እሱ ደግሞ እዚህም ይሰጣል። የዘጋውን የሐሞት መውረጃ በቱቦ ከፍቶ ቢጫውንና ማሳከኩን ማስታገስም እዚሁ አዲስ አበባ ይቻላል። «ኤጀንቱ መቶ በመቶ ይድናሉ ብሎናል» አለች እያለቀሰች። «ይሄን ወረቀት አንብቦ ነው ያላችሁ?» አልኳት። በዋትስአፕ የላኩለት የፊልሙን ፎቶ ብቻ ነበር።

የጋሼን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን ከእነዚህ ሁለት ቤተሰቦች የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «የት ሀገር?» አይደለም

ሰው ሁሉ «ህንድ ይሻላል ወይስ ታይላንድ?» ብሎ ነው ኢንቦክስ የሚጽፍልኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት። አንድ፣ በሽታው በትክክል ተለይቷል ወይ? ካንሰር ከሆነ ባዮፕሲ ተወስዶ በፓቶሎጂ ተረጋግጧል ወይ? ሁለት፣ ደረጃው ስንት ነው? ተሰራጭቷል ወይስ አልተሰራጨም? ሦስት፣ የምንሄደው ለመዳን ነው፣ ዕድሜ ለማራዘም ነው፣ ስቃይ ለመቀነስ ነው ወይስ በሽታውን ለማወቅ? አራቱም የተለያዩ ናቸው። ቤት የሚያሸጥና የማያሸጥ ውሳኔ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህን የሚመልስላችሁ እንደ እኔ ያለ ጠቅላላ ሐኪም አይደለም። የዘርፉ ስፔሻሊስት ነው። ከተቻለ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ስፔሻሊስቶች። ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ የመጀመሪያውን መናቅ አይደለም፤ «ሌላ ሐኪምም እንዲያየው እንፈልጋለን» ብላችሁ በግልጽ ብትናገሩ ደህና ሐኪም አይቀየምም።

2. እዚህ መኖሩን አረጋግጡ

ከ15 እና 20 ዓመት በፊት የግድ ውጭ ያስኬዱ ከነበሩ ህክምናዎች አንዳንዶቹ ዛሬ እዚሁ አሉ። ብዙ ሰው ግን አያውቅም።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ጉለሌ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ከቁስቋም በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ማለት ነው። ለጋሹ በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ነው።

በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። ከዚያ በፊት የልብ ኦፕሬሽን የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት በእርዳታ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ዛሬም ወረፋው ረጅም ነው፤ ይህን አልደብቃችሁም። ግን ወረፋ መኖሩና ህክምናው አለመኖሩ አንድ አይደሉም።

የጨረር ህክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማ እና ሐረርም ተጨምረዋል። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሠራል።

ታዲያ ውጭ መሄድ አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። እዚህ የማይሠሩ ንቅለ ተከላዎች አሉ፣ ልዩ መሣሪያ የሚፈልጉ የአንጎልና የአከርካሪ ኦፕሬሽኖች አሉ፣ የማይገቡ መድኃኒቶችና ምርመራዎች አሉ። ህክምናው እያለ ወረፋው ከበሽታው ፍጥነት ጋር የማይሄድበት ጊዜም አለ። ቶሎ ቢታከም የሚድን ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ደረጃው የሚያልፍ ከሆነ፣ አቅም ያለው መሄዱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። «የሚድን ነው ግን እዚህ አይሠራም ወይም አይደርስም» ከተባላችሁ፣ ያኔ ለመሄድ በቂ ምክንያት አላችሁ።

3. የቦርድ ወረቀት ምንድነው?

ከአንድ በላይ ስፔሻሊስቶች ተሰብስበው ታማሚውን አይተው፣ ማስረጃውን መርምረው የሚሰጡት የውሳኔ ወረቀት ነው። ለውጭ ምንዛሪና ለቪዛ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። አሠራሩና የሚጠየቀው ማህተም ስለሚለዋወጥ፣ ከመሯሯጣችሁ በፊት ለባንካችሁና ለሆስፒታሉ ደውላችሁ ወቅታዊውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። የቦርድ ወረቀት «ከሄደ ይድናል» የሚል ዋስትና አይደለም። ቦርዱ ፊት ስትቀርቡ «ምን ያህል ተስፋ አለው?» ብላችሁ በቃል ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

4. ከመሄዳችሁ በፊት ማስረጃው ይሂድ

ታማሚው ሳይንቀሳቀስ ማስረጃውን ልኮ የውጭ ሐኪም አስተያየት ማግኘት ይቻላል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በህንድ ሀይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር በቴሌሜዲስን ተገናኝቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልካችሁ ይበቃል።

የምትልኩት ግን የፊልም ፎቶ አይሁን። የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ሲዲ ከምርመራ ማዕከሉ ተቀበሉ፤ ሐኪሙ ምስሉን ከላይ እስከ ታች ማየት የሚችለው በእሱ ነው። ባዮፕሲ ከተሠራ የፓቶሎጂ ሪፖርቱን ከነስላይዱና ከነብሎኩ ጠይቁ። ብሎክ የምንለው ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ቁራጭ ነው። እሱን ካልያዛችሁ እዚያ እንደገና ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ፤ ጊዜም፣ ገንዘብም፣ ሕመምም ነው።

መልስ ሲመጣ የሐኪሙ ስም፣ ዘርፉ እና ሊሰጥ የታሰበው ህክምና በግልጽ ተጽፎ ይምጣ። «ይምጡና እናያለን» የሚል ደብዳቤ ጥሪ እንጂ የህክምና እቅድ አይደለም።

5. ኤጀንቱ የሚከፈለው ከማን ነው?

ሁሉም ኤጀንት ሌባ አይደለም። ቪዛ፣ ማረፊያና አስተርጓሚ አመቻችተው ብዙ ሰው የረዱ አሉ። ግን ብዙዎቹ ታማሚ ባመጡ ቁጥር ከሆስፒታሉ ኮሚሽን ያገኛሉ። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚል ምክር ከእነሱ መጠበቅ ከባድ ነው።

ገንዘቡን በኤጀንቱ የግል ሂሳብ አታስገቡ፤ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። «መቶ በመቶ ይድናል» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት። ጉንፋን እንኳን መቶ በመቶ የሚል ሐኪም የለም። ሆስፒታሉ ዓለም አቀፍ እውቅና አለው ብለው ጄሲአይ የሚል ምልክት ቢያሳዩዋችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ስለ ሆስፒታሉ አሠራር ነው የሚናገረው፣ የእናንተን ኦፕሬሽን ስለሚሠራው ሐኪም ልምድ አይደለም። «ይህን ኦፕሬሽን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

6. ገንዘቡ፦ ግምቱ ውስጥ የሌለው ነው የሚጎዳው

የሚላክላችሁ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ሁሉ ነገር በሰላም ከሄደ የሚሆነው ነው። እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከታሰበው በላይ ቢቆይ በቀን ስንት ነው? ኦፕሬሽኑ ቢደገምስ? ደም፣ መድኃኒት፣ ከመውጣት በኋላ ያለው ክትትል ተካቷል? ያስያዝነው ገንዘብ ቢተርፍ እንዴት ይመለሳል?

የምንዛሪውን ነገር ደግሞ አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር እርዳታ ያሰባሰበ ቤተሰብ ሂሳቡ እንዴት እንደተዛባበት አስቡት። የምታሰባስቡት በብር ከሆነ በግምቱ ልክ ብቻ አታስቡ፤ መጠባበቂያ ጨምሩ። እኔ የምመክረው ከጠቅላላው ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው ሳይነካ እንዲቀመጥ ነው። መመለስም፣ ከተመለሱ በኋላ መድኃኒት መግዛትም አለ።

የሚከብድ ነገር ልጨምር፤ ሞት ቢመጣስ? አስከሬን ማምጣት ትልቅ ወጪና ብዙ ወረቀት ይጠይቃል። ማንሳቱ ያስፈራል፣ «ምን አፍህን ከፈተው» ያስብላል። ግን ከአልጋው አጠገብ በባዕድ ሀገር ከመጨነቅ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

7. ቪዛ፣ ቢጫ ካርድ እና በረራ

ለህክምና የምትሄዱ ከሆነ የህክምና ቪዛ ጠይቁ። ህንድ ለታማሚም ለአስታማሚም የየራሱ ቪዛ አላት፤ በአንድ ታማሚ እስከ ሁለት አስታማሚ። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መታከም ኋላ ችግር ያመጣል፤ በተለይ ንቅለ ተከላ ከሆነ።

ቢጫ ካርድ የምንለው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው አጥብቃ ትጠይቃለች፤ ከሌለ እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊያስገቡ ይችላሉ። ታይላንድም ትጠይቃለች። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። በጣም አስፈላጊ፦ ይህ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ የሰውነት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝም ብሎ መወጋት የለበትም። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑም መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። መወጋት ለማይችሉ ሐኪም የሚጽፈው ምክንያቱን የሚገልጽ ማስረጃ አለ፤ ተቀባይነቱን ከኤምባሲው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በረራን በተመለከተ «አየር ላይ ትንፋሽ ያጥረው ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቁስቋም ደግሞ ከመሃል ከተማው ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ያለ ኦክስጅን ደህና የሚተነፍስ ሰው ብዙ ጊዜ አይቸገርም። እዚህ ኦክስጅን የሚፈልግ፣ በአልጋ የሚጓዝ ወይም ሰሞኑን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ግን ለአየር መንገዱ አስቀድሞ በሐኪም የሚሞላ ፎርም አለው። ትልቅ የሆድ ወይም የደረት ኦፕሬሽን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ቀን ሳይሞላ አይበረርም። የመመለሻ ትኬት ስትቆርጡ ይህን አስቡ። በረጅም በረራ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል ካንሰር ያለበት ታማሚ ሐኪሙን ስለ መከላከያው ይጠይቅ።

8. ኩላሊት አይገዛም

በቀጥታ ልናገር። «እዚያ ለጋሽ ይገኛል» የሚላችሁ ሰው ወደ ወንጀል እየመራችሁ ነው። የህንድ የ1994 እ.ኤ.አ. ሕግ የአካል ሽያጭን ይከለክላል። የውጭ ዜጋ ታማሚ ለጋሹን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የቅርብ ዘመድነታቸው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ነው የሚፈቀደው። ህንዳዊ ለጋሽ የቅርብ ዘመድ ካልሆነ ለውጭ ዜጋ አይፈቀድም። የዝምድና ማስረጃችሁን፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ እዚህ እያላችሁ ጨርሱ።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ ማን ይከታተላችኋል?

ይህን የሚረሳው ሰው ብዛት! ኩላሊት ተተክሎለት የመጣ ሰው የሰውነት መከላከያን የሚቀንሰውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ሰው ሠራሽ የልብ በር የገባለት ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ በየጊዜው ደሙ ይለካል። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የሚከታተላችሁን ሐኪም ለዩ። መድኃኒቱ እዚህ መገኘቱን፣ ዋጋውንም አጣሩ። ስትመለሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሙሉ የመውጫ ሪፖርት፣ የኦፕሬሽን ማስታወሻ፣ የምስል ሲዲ እና የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋና ስሙን ይዛችሁ ኑ። ከዚያም ቁስል ማመርቀዝ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ለሚያክማችሁ ሐኪም ውጭ ሆስፒታል ተኝታችሁ እንደነበር ተናገሩ፤ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች ከትልልቅ ሆስፒታሎች አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

አንድ ጀግናችንን ላስታውሳችሁ

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ መኪናው ተገልብጦ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በቀናት ውስጥ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በጊዜው ለአከርካሪ ጉዳት በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነበር። ወደ ስምንት ወር ገደማ ታከመ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፉት እግሮች ግን ዳግም አልተራመዱም። የተጎዳ ህብለ ሰረሰርን መመለስ ያኔም አይቻልም ነበር፣ ዛሬም አልተቻለም።

ታዲያ መሄዱ ከንቱ ነበር? አልነበረም። መጀመሪያ እጁም አልንቀሳቀስ ብሎት ነበር፤ የእጁን ጉልበት አግኝቶ ተመለሰ። በዊልቸር ሆኖ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ውጭ ሀገር ያገኘው ፈውስ አልነበረም፤ በቀረው አካሉ እንዴት እንደሚኖር ነው የተማረው። እኔ ለታማሚዎቼ የምለው ይህንኑ ነው፦ ምን ልታገኙ እንደምትሄዱ እወቁ።

ጋሼስ?

ከልጃቸው ጋር ከተነጋገርን በኋላ አንድ የካንሰር ስፔሻሊስት ጋ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ቤተሰቡን ካማከረ በኋላ ጋሼን «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኔ 40 ዓመት ሸምቻለሁ። ክሩ መቼ እንደሚያልቅ ድሩን አይቼ አውቃለሁ። ዝም ያልኩት ልጆቼ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው» አሉ።

ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ይደባበቁ ነበር።

ተነገራቸው። አላለቀሱም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ማሳከኩ ይቀንስልኛል ወይ? ለህዳር 6 እቤቴ እሆናለሁ ወይ? ህዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው፤ የእመቤታችን የስደት መታሰቢያ። «እሷም ከስደት ተመልሳለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሠራ ነው የምሰደደው?» አሉና ልጃቸውን «ቤቱ አይሸጥም» አሏት።

ቱቦው ገባላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይናቸው ጠራ፣ ማሳከኩ ተወ፣ መተኛት ቻሉ። ለሕመሙ ሞርፊን ታዘዘላቸው። ብዙ ሰው ሞርፊን ሲባል ይፈራል፤ በሐኪም መጠን ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ግን ሰውን ከስቃይ የሚያወጣ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለውን የማስታገሻ ህክምና ቤት ድረስ ሄደው የሚሰጡም አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አንዱ ነው። ህዳር 6 ነጭ ለብሰው፣ በልጆቻቸው ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጥምቀትንም አዩ። የካቲት ላይ በራሳቸው አልጋ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው አረፉ።

ልጃቸው በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝታኝ «አንዳንዴ ብንወስዳቸው ኖሮ እላለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይህ ሐሳብ በቀላሉ አይለቅም። «ብትወስዷቸው ኖሮ ደግሞ ባንወስዳቸው ኖሮ ትዪ ነበር» አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች። ከእናቷ ጋር የሚኖሩት በዚያው ቤት ነው። የጋሼ የሽመና ዕቃም እንደተተከለ አለ።

ሐኪማችሁ ፊት ይዛችሁ የምትቀርቡት ወረቀት (ስክሪንሾት አድርጉት)

• በሽታው በናሙና ተረጋግጧል? ደረጃው ስንት ነው?
• የምንሄደው ለመዳን ነው፣ ዕድሜ ለማራዘም ነው ወይስ ስቃይ ለመቀነስ?
• ይህ ህክምና እዚህ የት ይሰጣል? ወረፋው ስንት ነው? መጠበቅ ይቻላል?
• ባንሄድስ ምን ይሆናል? እዚህ ምን ማድረግ ይቻላል?
• ስንመለስ የሚከታተለን ማን ነው? መድኃኒቱ እዚህ ይገኛል?
• ታማሚው ራሱ ምን ይፈልጋል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እባካችሁ አትዝለሏት።

ውጭ ሀገር ታክማችሁ ወይም አስታማችሁ የመጣችሁ፣ ለሌላው የሚጠቅም ልምዳችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልን። የሆስፒታል ወይም የኤጀንት ስም እየጠራችሁ አትሳደቡ፤ ምን ብትጠይቁ ይሻል እንደነበር ንገሩን። የሲቲ ስካን ፎቶ ኢንቦክስ ለምትልኩልኝ ወዳጆቼ ደግሞ፦ በፎቶ አይቼ ብፈርድ የዚያን ቀን ጥፋቴን መድገም ነው የሚሆንብኝ፤ ሲዲውን ይዛችሁ ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ።

በቤቱ ታማሚ ላለው፣ ወይም ለአንድ ሰው እርዳታ እያሰባሰበ ላለ ሁሉ ሼር አድርጉት። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላችሁ፤ ጤና ይስጥልኝ!